የሽፍታው ልብ ወለድ መሐሉ ላይ ለምን ይሰበራል? የ«ሎን ስታር ሬንጀር» አንባቢዎች ቅሬታና ምክንያቱ

የዜን ግሬይ «ዘ ሎን ስታር ሬንጀር» በ1915 ታትሞ ወጣ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በምዕራብ አሜሪካ ምድር ከተጻፉት የፍቅርና የሽፍትነት ልብ ወለዶች ከታወቁት አንዱ ነው። ያነበቡት ሰዎች ግን እስከ ዛሬ አልተስማሙበትም። አንዱ የሽፍታን ኑሮ ከውስጥ እንዲህ ያሳየ የለም ብሎ ሲያደንቅ፣ ሌላው እኩሌታውን ቁጭ ብሎ ሳይነሳ ካነበበ በኋላ መጽሐፍ የተቀየረበት ይመስል ግራ ይጋባል። ፍቅር ፈልጎ የገባው፣ ልቡን የሰጣት ልጅ መሐል መንገድ ላይ ጠፍታ በምትኳ ሌላ ስትመጣ ይናደዳል። የቴክሳስን ድንበር ታሪክ የሚያውቀው ደግሞ ገና ከፊተኛው ገጽ፣ መጽሐፉ ለማን እንደተበረከተ ሲያይ ፊቱ ይቋጠራል።

ቅሬታዎቹ በአብዛኛው ልክ ናቸው። ልክ ያልሆነው የሚሰጣቸው ምክንያት ነው። ግሬይ ፍቅር መጻፍ አይሆንለትም፣ ዋናውን ገጸ ባሕርይ መሐል ላይ ረሳው፣ ሐሳቡ ተበተነበት ይባላል። ነገሩ ሌላ ነው። ዛሬ በእጃችን ያለው ጥራዝ ከመጀመሪያው አንድ ሆኖ የታሰበ ሥራ አይደለም። ሁለት የተለያዩ ታሪኮች ተቆርጠው የተሰፉበት ነው። የስፌቱን ቦታ ያወቀ አንባቢ የተናደደበትን ነገር አብዛኛውን በቀላሉ ያገኘዋል።

ታሪኩ ባጭሩ

ባክ ዱዌይን የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት ነው። አባቱ ስመ ጥር ተኳሽ ነበር፤ ሽጉጡንም ቁጣውንም ለልጁ አውርሶት ሞቷል። ካል ቤይን የሚባል ሰው ሰክሮ «እገድለዋለሁ» እያለ ከተማ ውስጥ እንደሚፈልገው ከአጎቱ ይሰማል። መሸሽ ይችል ነበር። አልሸሸም። ሄዶ ገጠመው፣ ገደለውም። አጎቱ ስንቅና ገንዘብ ሰጥቶ ወደ ኑዌሲስ ወንዝ እንዲሸሽ ይነግረዋል። ከዚያች ቀን ጀምሮ ባክ ሽፍታ ነው።

ቴክሳስን ከሜክሲኮ በሚለየው በሪዮ ግራንዴ ወንዝ ዳር ባለው የብላንድ የወንበዴዎች ሰፈር ይደርሳል። እዚያ ዩከር ከሚባል ደግ ሽማግሌ ሽፍታ ጋር ይወዳጃል። ጄኒ የምትባል ልጅ በብላንድ እጅ ታግታ እንዳለች ያውቃል፤ ሊያወጣትም ይነሳል። ዘዴው የሚያሳፍር ነው፦ የብላንድን ሚስት የወደደ መስሎ ቤቱን መመላለስ። ጄኒን ከዚያ ያወጣታል፤ ብላንድም በእሱ እጅ ይሞታል። ከዚያ በኋላ የሚከተለው የስደት ዘመን ነው፤ አሳዳጅ፣ ረሃብ፣ በየቦታው የሚለጠፍ ስም። በመጨረሻ ማክኔሊ የሚባል የሬንጀሮች (የቴክሳስ መንግሥት የታጠቁ ሕግ አስከባሪዎች) ሻምበል ያስጠራውና ከአገረ ገዢው የተገኘ የምሕረት ወረቀት ያቀርብለታል። የምሕረቱ ዋጋ ሬንጀር ሆኖ የቼሰልዳይንን የከብት ዘራፊዎች ቡድን ማፍረስ ነው። ሁለተኛው ክፍል እዚህ ላይ ይጀምራል። ባክ ማንነቱን ደብቆ ፌርዴል ከተማ ይገባል፤ የከንቲባውን የኮሎኔል ሎንግስትሬትን ልጅ ሬይን ይወዳል፤ አባቷ ራሱ ቼሰልዳይን መሆኑንም ይደርስበታል።

መቀሱ ያለፈበት ቦታ

ግሬይ መጀመሪያ የጻፈው ስለ ዱዌይን ብቻ ነበር። ያ ታሪክ በ1914 «አርጎሲ» በተባለው መጽሔት ላይ ወጣ። በዚያው ዓመት ሌላ የሬንጀሮች ታሪኩም በሌላ መጽሔት ታተመ። በዚህኛው ባክ ዱዌይን የሚባል ሰው የለም። ቮን ስቲል የሚባል ግዙፍ ሬንጀር አለ፤ ራስ ሲቴል የሚባል፣ በድብቅ አብሮት የሚሠራ ሌላ ሰውም አለ። ታሪኩን በአንደኛ መደብ የሚተርከው ሲቴል ነው። ለመጽሐፍነት ሲዘጋጅ የሁለቱ ታሪኮች ክፍሎች ተወስደው አንድ ላይ ሆኑ፤ ስቲልና ሲቴል ሁለቱም ተሰርዘው ሥራቸው በሙሉ በባክ ዱዌይን ትከሻ ላይ ወደቀ። ተራኪውም ከ«እኔ» ወደ «እሱ» ተለወጠ።

ይህን ይዞ ሁለተኛውን ክፍል መልሶ ማንበብ ነው። ባክ ፌርዴል ከገባ በኋላ አንዴ በጥሬ ጡብ ግድግዳ መሐል ተሸሽጎ የሰዎችን ምስጢር የሚያዳምጥ ሰላይ ነው። ወዲያው ደግሞ እስረኛ ይዞ ከንቲባው ችሎት ፊት በአደባባይ ይቆማል፤ ከተማውን ሁሉ ይገዳደራል። አንባቢ «ይሄ ሰውዬ የሚደበቅ ነው የሚገለጥ?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። መደበቁ የሲቴል ነበር፤ መገለጡ የስቲል። ሁለት ሰው ይሠራው የነበረውን ሥራ አንድ ሰው ሲሠራው ነው እንዲህ የሚሆነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያጋልጠው ግን ትንሽ ነገር ነው፤ የሬይ የአጎት ልጅ ሩት። ከሬይ ጋር አብራ ትመጣለች፣ መልኳም ይነገረናል፣ ንግግርም አላት፤ በታሪኩ ውስጥ ግን ይህ ነው የሚባል ሥራ የላትም። ብዙ አንባቢ የሆነ ቦታ ላይ አንድ ነገር ታደርጋለች ብሎ ይጠብቃታል። በመጽሔቱ ታሪክ ሁለት ወንዶችና ሁለት ሴቶች ነበሩ፤ ሬንጀሩ የኮሎኔሉን ልጅ፣ ተራኪው ደግሞ ዘመዷን ይወዳል። ተራኪው ሲሰረዝ የእሱ ወዳጅ ሥራ ፈት ሆና ቀረች። ሙሉ በሙሉ ልታወጣት ብትሞክር ብዙ ምልልስ ይፈርሳል፤ ስለዚህ ተትታ አለፈች። ማንም አርታዒ የሚያውቀው ዓይነት ቅሪት ነው።

ጄኒና ሬይ

አሁን ወደ ዋናው የአንባቢ ቁጣ እንምጣ። ሽፋኑ ላይ ያለው ንዑስ ርዕስ የድንበር የፍቅር ታሪክ ብሎ ይጠራዋል። ዛሬ በፍቅር ልብ ወለድ መደርደሪያ የለመደ ሰው የሚጠብቀው ይታወቃል፤ ሁለቱ ቶሎ ይገናኛሉ፣ መሐሉን ሙሉ ስለ እነሱ እናነባለን፣ መጨረሻው ደስታ ነው። እዚህ መጨረሻው አለ። መጀመሪያውና መሐሉ ግን የሌላ ሴት ነው።

ጄኒ ለአንባቢ የምትቀርበው በፍጥነት አይደለም። ፍርሃቷን ቀስ ብለን እናያለን፤ ባክ ሊያወጣት ሲል የሚከፍለውን ዋጋ እናያለን፤ ከማምለጡ በኋላ እሱ ቆስሎ ሲተኛ የምታስታምመው እሷ ናት። በገጸ ባሕርይ አሠራር ይህ ሁሉ ብድር ነው፤ ደራሲው ከአንባቢ የተበደረው ትዕግሥትና ፍቅር፣ ኋላ ላይ የሚመለስ። ከዚያ በድንገት ከታሪኩ ትወጣለች። ዕጣዋም በማለፊያ ወሬ፣ በጥቂት መስመር ይነገረናል። ብድሩ ሳይመለስ ቀረ ማለት ነው።

ሬይ ስትመጣ መጽሐፉ ከእኩሌታው አልፏል። ግሬይ የቀረውን ጊዜ የሚካካሰው በጥድፊያ ነው፦ አንድ እይታ፣ አንድ ሌሊት፣ አንድ ንግግር፣ ከዚያ የሕይወት ዘመን ፍቅር። እሷም ብትሆን መጥፎ ገጸ ባሕርይ አይደለችም። አባቷ ወንበዴ፣ የምትወደው ሰው አባቷን ሊያስር የመጣ፤ ከዚህ የጠበቀ ቋጠሮ የለም። በመጽሔቱ ታሪክ ይህ ቋጠሮ ከመጀመሪያው ጀምሮ ዋናው ነገር ነበረና የሚፈታበት ቦታ ነበረው። በመጽሐፉ ውስጥ ግን የጄኒን ሐዘን ገና ያልጨረሰ አንባቢ ፊት ይመጣል። ሬይን አልወደድኳትም የሚሉ አንባቢዎች ብዙዎቹ በእርግጥ ያልወደዱት ጊዜዋን ነው።

ብዙ ያልተነገረለት ግን መነገር ያለበት፦ ሬይ በመጽሐፉ ውስጥ ከሁሉም ሰው በላይ ባክን በትክክል የምታየው ሰው ናት። ወንበዴዎቹ ባንክ ሊዘርፉ ቫል ቨርዴ ሲመጡ ሬንጀሮች ሊያጠምዷቸው ይችሉ ነበር። ባክ ግን ፖጊን ከሚባለው ገዳይ ጋር ፊት ለፊት ካልተጋጠመ አይሆንለትም። ሬይ ለምና ልታስቀረው ትሞክራለች፤ ትክክለኛውን ነገርም ትነግረዋለች፤ ለሕግ አይደለም የምትሄደው፣ በውስጥህ ላለው ለዚያ ነገር ነው ማለቷ ነው። ይሄዳል። እዚህ ላይ የፍቅሩ ታሪክና የሽፍታው ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ በእውነት አንድ ይሆናሉ። ስፌቱ የማይታይበት ብቸኛ ቦታም ይኸው ነው።

የሚያደንቁት ምን አይተው ነው?

የመጀመሪያው እኩሌታ በእርግጥ ከዘመኑ ሥራዎች ይለያል። ባክ ቤይንን ከገደለ በኋላ ኩራት አይሰማውም። የሟቹ ፊት ሌሊት ሌሊት ይመጣበታል። ከዚያ ሌላ ሲገድል ሌላ ፊት ይጨመራል። ግሬይ ይህን ደጋግሞ ይጽፈዋል። መደጋገሙ አሰልቺ ነው የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን የማይተኛ ሰው ሐሳብ እንዲሁ ነው የሚሄደው፤ ያው ነገር፣ እንደገና ያው።

አሳዳጆች ውሻ ይዘው በአኻያ ጥሻ ውስጥ የከበቡበት ክፍል ለብቻው ሊነበብ የሚገባ ነው። ውሃ ቅርብ ነው፣ መጠጣት ግን ድምፅ ያሰማል። ንፋሱ ሲነሳ መንቀሳቀስ ይቻላል፣ ሲቆም ቅጠሉ ያጋልጣል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ግሬይ ስለ ነፍስና ዕጣ ፈንታ መስበኩን ትቶ የሚታየውንና የሚሰማውን ብቻ ይጽፋል፤ ያኔ የሚስተካከለው ጥቂት ነው።

ሌላው ሸርሊ በምትባል ከተማ የሆነው ነው። ባክ ባልሠራው ወንጀል፣ የአንድ ሰው ሚስት ገዳይ ተብሎ ስሙ ተለጥፎ ያገኘዋል። ሽሽቱን ትቶ ወደ ከተማዋ ጋልቦ ይገባና የሟቿን ባል ጥሩልኝ ይላል። ሊሰቅሉት የተዘጋጁ ሰዎች መሐል ቆሞ ይጠብቃል። ባልየው መጥቶ አይቶት ሰውዬው ይሄ አይደለም ይላል። አንዳንድ አንባቢ ይህን የማይመስል ጀብዱ ይለዋል። ያን ጊዜ የነበረውን አሠራር ላየ ግን ነጥቡ እውነት ነው። የቴክሳስ መንግሥት በ1878 በሕግ የሚፈለጉ ሰዎችን ስም ዝርዝር በመጽሐፍ መልክ አሳትሞ ለሬንጀሮች አድሎ ነበር፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ስሞች፣ ከየአውራጃው በተላከ ወሬ የተሞላ። ፎቶግራፍ ብርቅ በሆነበት ጊዜ መልክ የሚለየው በጥቂት ቃል ነው፤ ረጅም፣ ጠይም፣ ጠባሳ ያለው። አንድ ጊዜ ስሙ የገነነ ሰው ሌላው የሠራውን ሁሉ ይሸከማል።

ምሕረቱስ? ሽፍታ በአንድ ጊዜ ሕግ አስከባሪ መሆኑ ተረት ተረት ነው የሚል ቅሬታም በየጊዜው ይነሳል። ለዚህኛው መልስ አለ። ኪንግ ፊሸር የሚባለው የኑዌሲስ አካባቢ ሽፍታ በ1876 በሬንጀሮች ተይዞ ነበር፤ በ1883 ግን የኡቫልዴ አውራጃ ሸሪፍን ተክቶ ይሠራ ነበር። በ1884 ሳን አንቶኒዮ ውስጥ አብሮት የተገደለው ቤን ቶምፕሰን ደግሞ ቁማርተኛና ነፍሰ ገዳይ ሆኖ ሳለ የኦስተን ከተማ ፖሊስ አዛዥ ሆኖ አገልግሏል። ካሳ ኃይሉን በጋብቻና በሹመት ለማባበል የተደረገውን እያነበበ ላደገ የእኛ አገር አንባቢ ይህ ክፍል ብዙም እንግዳ አይሆንም።

የፊተኛው ገጽ

ከሁሉ ከባዱ ቅሬታ ይሄ ነው፤ በስፌትም አይመካኝም። ግሬይ መጽሐፉን ያበረከተው ለሻምበል ጆን ሂዩዝና ለቴክሳስ ሬንጀሮቹ ነው። ሂዩዝ ከ1893 ጀምሮ ሻምበል የነበረ እውነተኛ ሰው ነው፤ በዚያው በ1915 ጡረታ ወጣ። ግሬይ በማበርከቻው ላይ የባክን ታሪክ መነሻ ከአንድ ሬንጀር አፍ እንደሰማው ይናገራል፤ የዛሬው ድንበርም ከድሮው የሚተናነስ አይደለም የሚል የቀድሞውን ሬንጀር የጆ ሲተርን ቃል ይጠቅሳል። ሲተር በግንቦት 1915፣ መጽሐፉ ከወጣ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በዚያው ድንበር ላይ ተገደለ።

መጽሐፉ የሚያሳየን ሬንጀር ቃሉን የሚጠብቅ፣ ሽፍታውን እንደ ወንድም የሚያነጋግር ነው። ማክኔሊ የሚለው ስም ራሱ ከሊያንደር ማክኔሊ ጋር መመሳሰሉን የቴክሳስ አንባቢ ወዲያው ያየዋል። እውነተኛው ማክኔሊ በኅዳር 1875 ወደ ሜክሲኮ ተሻግሮ ላስ ኩዌቫስ የተባለውን እርሻ ሊያጠቃ ሲሄድ መጀመሪያ የገባው የተሳሳተ ቦታ ነበር፤ የማይመለከታቸው ሰዎች ሞቱ። የእሱ ሬንጀሮች የያዟቸውን እስረኞች ያሰቃዩ እንደነበርም የታወቀ ነው።

መጽሐፉ ገበያ ላይ በዋለበት ዓመት ደግሞ ነገሩ ባሰ። በ1915 በደቡብ ቴክሳስ ሬንጀሮችና የታጠቁ ሰፋሪዎች የሜክሲኮ ዘር ያላቸውን ሰዎች በመቶዎች ገደሉ፤ ቁጥሩን ከዚያም እጅግ የሚያስበልጡ አሉ። ጥር 28 ቀን 1918 ፖርቬኒር በምትባል መንደር 15 ወንዶችና ልጆች ከቤታቸው ተወስደው ተረሸኑ። በ1919 የክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት አባል ሆሴ ካናሌስ ክስ አቅርቦ ምርመራ ተካሄደ፤ የሬንጀሮቹም ቁጥር እንዲቀነስ ተደረገ። በ2016 ኦስተን የሚገኘው የቴክሳስ ታሪክ ሙዚየም ስለነዚያ ዓመታት ኤግዚቢሽን ካሳየ ወዲህ ይህን የማያውቅ የቴክሳስ አንባቢ እየቀነሰ ነው።

ሂዩዝ በእነዚህ ግድያዎች ውስጥ አልነበረም፤ ግሬይም ሲጽፍ የሚመጣውን አያውቅም ነበር። ይህ ለሰዎቹ መከላከያ ይሆናል፤ ለመጽሐፉ ግን ሙሉ በሙሉ አይሆንም። ምክንያቱም ድንበሩ ላይ አብዛኛው ነዋሪ የሆነው ሜክሲኮአዊ በገጾቹ ውስጥ ወይ ወንበዴ ነው ወይ ጥላ። ለባክ የተሰጠው የውስጥ ሕይወት፣ ጸጸቱ፣ ሌሊቱ፣ ለአንዳቸውም አልተሰጠም። ይህንን ከዘመኑ ጋር ነው የሚነበበው ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ነገር ግን የሰው ነፍስ ማጥፋት እንዲህ የሚከብድበት መጽሐፍ የማን ነፍስ እንደሚከብድ መምረጡን ማስተዋል ያስፈልጋል።

ለሚጀምሩት

መጀመሪያ፣ ርዕሱ ያሳስታል። በ1933 በዲትሮይት ሬዲዮ የጀመረውና ጭምብል ለብሶ በነጭ ፈረስ የሚሄደው «ሎን ሬንጀር» የሚባለው ጀግና ሌላ ነው። እሱን ፈልጎ የሚገባ አንባቢ አዝኖ ይወጣል።

በአሜሪካ የመጽሐፉ የቅጂ መብት ስላለቀ በፕሮጀክት ጉተንበርግ በነፃ ይገኛል፤ በድምፅ ደግሞ ሊብሪቮክስ ላይ። እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋው ለሆነ ሰው ድምፁ ይሻላል፤ ግሬይ የሽፍቶቹን ንግግር የሚጽፈው አፋቸው እንደሚለው ነውና «ሾር»፣ «ሆስ» እያለ ሲሄድ በዓይን ያደናቅፋል፣ በጆሮ ግን ወዲያው ይገባል። ርካሽ እትሞች ሲገዙ ያጠሩ መሆን አለመሆናቸውን ማየት ነው፤ ማበርከቻው ከሌለ ሌላም የጎደለ ነገር ሊኖር ይችላል።

ስፌቱ ያለው ከፔኮስ ወንዝ በስተ ምዕራብ ያለው ምድር መገለጽ የሚጀምርበት ቦታ ነው። እዚያ ሲደርሱ መጽሐፉን ለጥቂት ቀን አስቀምጦ ሁለተኛውን ክፍል እንደ አዲስ ታሪክ መጀመር ይጠቅማል፤ ባክን እንደ አዲስ ሰው፣ ሬይንም የጄኒ ምትክ ሳትሆን በራሷ የመጣች አድርጎ። ይህ ያልበቃው የመጀመሪያዎቹን ታሪኮች ለየብቻ ማግኘት ይችላል፤ በ1990ዎቹ ግሬይ እንደጻፋቸው ተብለው በመጽሐፍ መልክ ወጥተዋል። ሁለቱን ያነበበ ሰው ሩትን ሲያይ ማን እንደነበረች ያውቃል፤ ግድግዳው ውስጥ የሚያዳምጠውም የማን ጆሮ እንደሆነ።